አንድ ድምፅ ዝቅ

እህቴ ጵርስቅላ ጃዝን ያለ አስተማሪ ተማረች፤ የተማረችበት ኪቦርድ ግን አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የተቀመጠ ነበር። እሷ ይህን አታውቅም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ደግሞ አልነገሯትም። ከሁለቱ አንዱ አባታችን ነው።

ነገሩ ይኸው ነው። የኪቦርዱን ድምፅ ሁሉ ባንዴ የምታወርድና የምትመልስ አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይህ ነው፤ በትልቅ ክፋት የተበላሸ ነገር ቢያንስ የሚረገም ሰው አለው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት የነበረው ክረምት ነው። ሲግናል ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ጵርስቅላ አሥራ ዘጠኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባት ከሰዓት በኋላ ቸርች እየሄደች ኪቦርድ ትለማመዳለች። እናታችን አባይነሽ «ተጋድማ ከምትውል ጌታን ታገልግል» ብላ ፈቅዳለች። ብቻዋን ግን አትለቃትም። «ባርኮትን ይዘሻት ሂጂ» ትላለች። እኔ የሚጠብቀኝ ሰው ጠፍቶ ከእህቴ ጋር የምላክ ይመስለኝ ነበር። ጠባቂዋ እኔ መሆኔን ያወቅሁት ራሴ ለአቅመ መጠበቅ ስደርስ ነው።

ቸርቻችን በቆርቆሮ የተሠራ አዳራሽ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሰባኪውም ዝም ይላል፤ ከየካ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ደግሞ በክዳኑና በግድግዳው መሃል እየገባ አግዳሚ ወንበሮቹን ያቀዘቅዛቸዋል። ኪቦርዱ የመጣው ቀበና ካለችው እናት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በፒክአፕ ሲጫን ወድቆ፣ ቁጥር የሚያሳየው መስኮቱ ተሰንጥቆ ጠቁሯል። ድምፁ ግን ምንም አልሆነም።

በመጣ ሰሞን፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ እየተጫወትኩ አባቴና ቤኪ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ቤኪ የመዘምራኑ መሪና ጊታር መቺ ነው፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ልጅ። አባቴ ኤጀታ የቸርቻችን ሽማግሌ ነበር። ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ንድፍ ይሥላል፤ እሑድ እሑድ ግን ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን መዝሙር ይመራል። ከወለጋ ይዞት የመጣ ድምፅ ነበረው። መዝሙሩ መሃል ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ሴቶቹ አስቀድመው እጃቸውን ያነሣሉ።

«ቤኪ፣ እባክህ ትንሽ ዝቅ አድርጋት» አለ አባቴ። «በጣም ወጥታብኛለች።»

«ኧረ ችግር የለውም ጋሼ! አንድ ብቻ ላውርዳት?»

«አንድ ይበቃል። ብቻ ጵርስቅላ እንዳታውቅ።»

«በፍጹም።»

«ትስቅብኛለች እኮ! ለሰውም እንዳትነግር።»

በዚያው ሳምንት ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ትዕቢት ተምረን ነበር። ስለዚህ ነገሩ በደንብ ገባኝ፤ አባቴ ጵርስቅላን ዝቅ ሊያደርጋት ነው። በጣም ወጥታበታለች፤ ቤኪ አንድ ደረጃ ያወርዳታል። ለብዙ ጊዜ እንዴት አድርጎ እንደሚያወርዳት ለማየት ቤኪን ስከታተለው ኖርኩ። በአማርኛ ኪቦርድም «እሷ» መሆን እንደምትችል ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ያን ቀን ማታ ቤኪ አንዲት ቁልፍ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈባት። ሕፃናት እንዳይነካኩ ነው አለ። እኛ ቤት ፕላስተር የሚለጠፈው ቁስል ላይ ስለሆነ ኪቦርዱ ሲወድቅ እዚያ ጋ የቆሰለ መሰለኝ። ሰው ሳያየኝ እፍ እልበት ነበር።

ጵርስቅላ ጣቶቿን ያፍታታችው በዚያ ኪቦርድ ነው። ቤኪ መጀመሪያ ላይ የድምፆቹን ስም በተራ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ እያለ አሳያት፤ ከዚያ በኋላ እሷ አለፈችው። እሱም ጊታሩን ከኪቦርዱ ነበር የሚቃኘው። «ጵርስዬ፣ ኢ ስጪኝ» ይላታል፤ ትሰጠዋለች፤ ክሩን በዚያው ልክ ያላላል። ስለዚህ ማንም ከማንም ጋር አልተጋጨም። ቸርቻችን በሙሉ አንድ ላይ ወርዶ፣ አንድ ላይ ተስማምቶ ይዘምር ነበር።

መጽሐፉ የመጣው በስሕተት ነው። ከውጭ በእርዳታ በተላከ የመዝሙር መጽሐፍ ካርቶን ውስጥ ስለ ጃዝ ኮርዶች፣ አንድ ላይ ስለሚመቱ ድምፆች፣ የሚያስተምር አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተቀላቅሎ ተገኘ። ሌላ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ጵርስቅላ ወሰደችው። መዝገበ ቃላት አጠገቧ አድርጋ ቃል በቃል ታነባለች፤ ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ትሞክራለች፤ ትሳሳታለች፤ ራሷን ትሳደባለች።

«ነይማ ባርኪ። ይቺ ኮርድ ሰባተኛ ናት። ስሚያት፣ ቅር ያላት አትመስልም?»

«ምን ሆና?»

«ወደ ቤቷ መሄድ ፈልጋ። አሁን ደግሞ ዘጠነኛን ልጨምርባት። አየሽ? አሥራ አንደኛ... ቆይ፣ አሥራ ሦስተኛ።»

አሥራ ሁለተኛ ወድቃ የለ? ስለዚህ ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ እየደገመች ነው አልኩ። ለጎረቤቶቻችን ልጆች ዘጠነኛ እንደገባች ነገርኳቸው፤ አሥራ ሦስተኛ ስትደርስ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ማንም ያልደረሰበት ክፍል ነው ብዬ ተኩራራሁ። አንደኛዋ ልጅ «አሥራ ሦስተኛ የሚባል ክፍል የለም» ስትለኝ ፀጉሯን ያዝኩት።

ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። መጽሐፉ አንዱን ኮርድ «ዶሚናንት» ይለዋል፤ መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ይህን «ገዢ» ብሎ ይፈታዋል። አንድ ቀን እራት ላይ ጵርስቅላ እጇን እያወናጨፈች፣ «ገዢው እኮ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም! ወደ ቤቱ መሄድ አለበት፣ ካልሄደ ሰው አያርፍም!» አለች። እናቴ ማንኪያዋን ጥላ ተነሥታ መስኮቱን ጠረቀመችው።

«አንቺ ልጅ፣ ልታስበዪን ነው? ግድግዳው ጭቃ ነው እኮ!»

«እማ፣ ስለ ኮርድ ነው የማወራው።»

«ስለ ማንም ይሁን! ገዢው የትም ቢሄድ አንቺን ምን አገባሽ? ኤጀታ፣ አንድ ነገር በላት እንጂ።»

አባቴ ሳቁን በውኃ ዋጠ። እኔ የሳቀው በጵርስቅላ ላይ መስሎኝ ጠላሁት። ዝቅ ሊያደርጋት እንደሚፈልግ አውቃለኋ!

እህቴ ጆሮ ነበራት። ይህን የምለው እህቴ ስለሆነች አይደለም። ብርጭቆ በማንኪያ ስመታ ስሙን ትነግረኛለች። የሚኒባስ ጡሩምባ፣ የጎረቤት በር ማጠፊያ፣ ሻይ ሊፈላ ሲል የሚያፏጨው ማንቆርቆሪያ፣ ሁሉም ስም አለው። «ኤፍ ነው» ትላለች ሳትዞር። ቸርች ስንሄድ በኪቦርዱ ስታረጋግጥ ሁልጊዜ ልክ ናት። ልክ የምትሆነው ግን ከኪቦርዱ ጋር ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚያርማት ነገር በአካባቢያችን አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ሊያርማት ሞክሮ ነበር፤ ቴፓችን። ቤኪ ከአጎቱ ልጅ የተቀዳ የጃዝ ካሴት አምጥቶላት ነበርና መጽሐፉ «ይህ በሲ ነው» የሚለው ዜማ በቴፑ ላይ ሲመጣ በዲ ይሰማታል። ሁሉም ዜማ አንድ ድምፅ ወጣ ይልባታል። አሰበች፣ አሰበች፣ መጨረሻ ላይ «ሞተሩ ይፈጥናል» አለች። በማግስቱ አባቴ ቴፑን በብብቱ ይዞ ወጣ፤ ጵርስቅላ ነጠላ ጫማዋን በአግባቡ ሳታጠልቅ ከኋላው ሮጠች። ቀማት ብዬ አለቀስኩ።

አልቀማትም። መገናኛ ያለ ቴፕ ጠጋኝ ጋ ነበር የወሰደው። ጠጋኙ «ምንም አልሆነም ጋሼ» ቢለውም፣ አባቴ «ልጄ ይፈጥናል ካለች ይፈጥናል፤ እሷ በምትልህ ልክ አድርገው» ብሎ ድርቅ አለ። ጵርስቅላ እዚያው ቆማ «ገና ነው... ገና... እዚያ ጋ ያዘው» እያለች ሰውየው ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አዞረ። ከዚያ በኋላ በካሴት የምንሰማው ሰባኪም ዘማሪም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፃቸው ከበደ። እናቴ ተማረረች። ጵርስቅላ ግን ደስ አላት፤ ዓለም ከመጽሐፉ ጋር ገጠመላት።

አባቴ ያን ጊዜ ነገሩን ከኪቦርዱ ጋር አያይዞት ይሆን? ካደግሁ በኋላ ጠይቄው ነበር። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቴፕ ቴፕ ነው» አለኝ። አምነዋለሁ። ለእሱ ኪቦርዱ ዝቅ ማለቱ ወንበር ወደ ጠረጴዛ እንደ ማስጠጋት ነበር።

መስከረም ላይ ቤኪ አንድ ማስታወቂያ አየ። አንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ጥቂት ወጣቶችን በነፃ ሊያስተምር ነው፤ ጃዝ፣ ሁለት ዓመት፣ ከእውነተኛ አስተማሪዎች ጋር። ጵርስቅላ ያን ሌሊት የተኛች አይመስለኝም። ብቻዋን የጀመረችውን ብቻዋን እንደማትጨርሰው ታውቅ ነበር፤ መጽሐፉ ሊመልስላት የማይችል ጥያቄ በዝቶባት ነበር፤ ሌላ በር ደግሞ አልነበራትም።

«ጃስ?» አለች እናቴ። እኛ ሰፈር ውሻ ሰው ላይ የሚለቀቀው «ጃስ!» ተብሎ ነው። «ሰው ላይ ጃስ ለማለት ነው እንዴ ሁለት ዓመት የምትማሪው?»

«ጃዝ ነው እማ። በዘ።»

«በዘም በሰም ይናከሳል።»

«አባይነሽ፣ እስቲ ተያት» አለ አባቴ። «ትሂድ። ባርኮትም ትሂድ።»

ስለዚህ በመግቢያ ፈተናው ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ተራችን ደርሶ ስንገባ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ፒያኖ አጠገብ ተቀምጧል፤ እኔን በር ላይ ካለች ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ጵርስቅላን ጀርባዋን እንድትሰጠው ነገራትና አንድ ድምፅ መታ።

«ምንድን ነው?»

«ዲ» አለች ወዲያው።

ሌላ መታ። «ጂ» አለች። ሌላ። «ቢ።»

እኔ በደስታ እግሬን አወዛወዝኩ። እንደዚያ ፈጥኖ የሚመልስ ልጅ ክፍላችን ውስጥ አልነበረም።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ሰውየው። «ይህ ሲ ነው እኮ።»

«አይደለም፣ ዲ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ፒያኖዎ ከፍ ብሏል።»

ሰውየው ጎኑ ለነበረው ጓደኛው ዞረና ሳቀ። «ባለፈው ሳምንት የተቃኘ ፒያኖ ከፍ ብሏል ትላለች!» ጓደኛው ከንፈሩን መጠጠ። «እሺ ተጫወቺ» አሏት።

ተቀመጠች። ክረምቱን ሙሉ ስትሠራው የከረመችውን ነገር ጀመረች፤ ሁለተኛው ኮርድ ላይ ትኩስ ድስት እንደ ነካች ሁሉ እጇን አነሣችው። እንደገና ጀመረች። ዓይኖቿ ጣቶቿን ያያሉ፤ ጣቶቿ ትክክለኛው ቦታ ላይ ናቸው፤ የሚሰማት ድምፅ ግን የቦታው አይደለም። እንደገና ጀመረች። ሰውየው «ይበቃል እህቴ፣ እናመሰግናለን» አለ። ድምፁ ክፉ አልነበረም።

ቤት ስንደርስ ለእናቴ «ፒያኖው ተበላሽቶ ነው» አልኳት፤ ለብዙ ዓመትም እንደዚያው አመንኩ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ትንሽ ኪቦርድ ነበራት። ስነካካ አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ፤ ድምፁ ሁሉ ባንዴ ወረደ። የቁልፏን ቦታ አየሁት። ፕላስተሩ የነበረበት ቦታ ነው። ያን ዕለት ክፍል አልገባሁም። ሰውየው ሦስቱንም መልሶች ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ኖሮ ስሕተቷ አንድ ብቻ መሆኑ በታየው ነበር፤ እያንዳንዱ መልስ በእኩል ልክ ነው የሳተው። ግን ሰልፉ ረጅም ነበር አልኩ አይደል።

ጵርስቅላ ከፈተናው በኋላ አላለቀሰችም። ዓርብ ከሰዓት ወደ አዳራሹ ይዛኝ ሄደች። ኪቦርዱን አበራችና አንድ ድምፅ ተጫነች፤ ሰማችው። ከዚያ በጥፍሯ ፕላስተሩን መላጥ ጀመረች።

«ያመዋል!» አልኳት።

ፕላስተሩን ልጣ ጣለችው። ቁልፏን ተጫነች፤ ያንኑ ድምፅ ደግማ ነካች። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ደስታ መሰለኝ፤ ቁስሉ ድኖ አገኘችው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ሰው ቤቱን በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ሲያገኘው የሚያሳየው ፊት ነው።

እሑድ ቤኪ እየሮጠ መጣ። «ጵርስዬ፣ ኢ ስጪኝ።» ሰጠችው። ጊታሩን ወደ ላይ ያጠብቃል፣ ያጠብቃል፣ ቀጭኑ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ቤኪ ቀና ብሎ ኪቦርዱን አየ። ፕላስተሩ የለም።

«ምን አደረግሽ?»

«ልክ አደረግኩት። አንተ ነህ ያወረድከው?»

«ጵርስዬ፣ ስሚኝ፣ ዛሬ አይሆንም፣ መልሺው፣ በኋላ እነግርሻለሁ...»

አባቴ ግን ማይኩን ይዞ ነበር። ዓይኑን ጨፍኗል። ጵርስቅላ ጀመረች።

መጀመሪያው ደህና ሄደ። መዝሙሩ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ሴቶቹ እጃቸውን አነሡ፤ የአባቴ ድምፅ ግን እላይ ሳይደርስ ተሰነጠቀ። ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። እንደገና ተሰነጠቀ፤ ከዚያ አየር ብቻ ወጣ። ሕዝቡ መንፈስ የነካው መሰለው። «ሃሌሉያ! ጌታ ሆይ!» እያለ ጮኸ፤ ግማሹ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አባቴ በትዕቢቱ ተጸጽቶ፣ እህቴን ዝቅ ሊያደርጋት በማሰቡ እያለቀሰ መስሎኝ በሙሉ ልቤ ይቅር አልኩት። እሱ ግን በሰው ፊት ድምፁን እየፈለገ ነበር። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ቤኪ በጵርስቅላ ትከሻ ላይ ተሻግሮ ቁልፏን ተጫነ። መዝሙሩ በመሃሉ አንድ ደረጃ ዘጭ አለ። የአባቴ ድምፅ ተመለሰ፤ ያ ቦታ ላይ ወጣ፤ አዳራሹ ተናወጠ። ጵርስቅላ አላቆመችም። አባታችንን እያየች፣ ቁልቁል ሳታይ፣ እስከ መጨረሻው አጀበችው። «ዝቅ ያስደረግኩት እኔ ነኝ» ብሎ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

ሰው ከወጣ በኋላ እትዬ አስካለች፣ ለሁሉም ነገር አስተያየት ያላቸው ጎረቤታችን፣ ለእናቴ በጆሮዋ «ዛሬስ ልጅሽ አባቷ ላይ ጃስ አለችበት» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ አልሳቀችም። ውጭ ዝናብ ጀምሯል። ቤኪ የተበጠሰውን ክር በጣቱ ይጠቀልላል፤ አባቴ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

«መቼ ነው የወረደው አባዬ?» አለች ጵርስቅላ።

«የመጣ ሰሞን።»

«እኔ መማር ሳልጀምር።»

«ድምፄ እኮ ነው ልጄ። አንቺ ፊት... አሁን እንዳየሽው እንዳልሆን ብዬ ነው።»

«አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።»

«ምን ለውጥ አለው ብዬ? ዝማሬው ያው ነው።»

ቤኪ «ቶሎ ትለምጂዋለሽ» አለ። «አንድ ድምፅ ብቻ ነው እኮ።»

ጵርስቅላ ወደ እሱ ዞረች። «ፊደል ገበታ ላይ ሀን ስትነካው ለ ብሎ ቢጮህብህ፣ በየቱ ታነባለህ? በዓይንህ ነው በጆሮህ? እኔ እኮ ማንበብ የተማርኩት በዚህ ነው። ሌላ የለኝም።»

«እንግዲያው ሁለቱንም እናድርገው» አለ አባቴ፤ ድምፁ የሚለምን ነበር። «እሑድ ለእኔ ዝቅ ይበል፣ በአዘቦት ቀን ለአንቺ ከፍ እናድርገው።»

«ከፍ አይደለም አባዬ። ልክ ነው የሚባለው። ልኩን ሳደርገው ደግሞ አንተ ትሰነጠቃለህ፤ እኔንም ጆሮዬ «ውሸት ነው» ይለኛል። የትኛውን ልምረጥ?»

ለኮርድ ዘጠነኛና አሥራ ሦስተኛ የሚጨምር መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ የሚጨምረው አልነበረውም። እናቴ ብቻ፣ ሌላ የምትሰጠው ነገር ስላልነበራት፣ «ነይ ምሳሽን ብዪ» አለቻት።

ጵርስቅላ ኪቦርዱን አጠፋች። ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለች፤ እንደ ሁልጊዜዋ አልጠቀለለችውም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተወችው። ልከተላት ስነሣ እናቴ ትከሻዬን ያዘችኝ። ጠባቂ አላስፈለጋትም። በአግዳሚዎቹ መሃል አልፋ ሄደች፤ የቆርቆሮውን በር ከፈተች፤ የዝናቡ ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ወጣችና ከኋላዋ በሩን ዘጋችው።